የሙሰዓብ ግዳይ

ደባርቅ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነሲባ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ይድረስሽ፤ ከሰው አገር ክፉ ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። የደባርቅን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ ጥቅምት ሲገባ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ስለሚጠፋ ይህችን ወረቀት ወደ ኩዌት ለምትመለስ የጎረቤት ልጅ ሰጥቻታለሁ። አንቺም በምታገኚው ሰው ሁሉ እጅ ላኪ።

ሙሰዓብ ቁመቱ የሱቁን ባንኮኒ አልፏል። ሳጂዳ ደግሞ ምላሷ ከቁመቷ ቀድሞ አድጓል፤ በማን ወጣች ብዬ አልጠይቅሽም። አባታቸው ከሞተ ወዲህ እንደ ሰሞኑ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

በምን መሰለሽ? አደን እያስተማርኳቸው ነው። ዓይንሽን አታፍጥጪ! ልጆችሽ በጨው ጆንያና በሚስማር ካርቶን መሀል አድገው ሥጋ ከሥጋ ቤት መስቀያ ላይ የሚበቅል መስሏቸው ነበር። እኛ እንዲህ ነበርን? አያታችን የወተት ጥርሳችንን ሳንነቅል ነበር ቆቅ የሚያስጠምደን። እኔም ቅዳሜ ማለዳ ወደ ዛሪማ በሚወርድ መኪና ይዣቸው እሄዳለሁ። በፈረስ ጭራ ወጥመድ ሠርተን፣ ማሽላ በትነን ቁጥቋጦ ሥር እናደፍጣለን። ሙሰዓብ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ሳጂዳ ግን ቆቆቹ ብቅ ሲሉ «ኑ፣ ኑ» ብላ ትጠራቸዋለች፤ ብርር ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ያዝን። እዚያው አርጄ፣ ላባቸውን ነጭተን፣ በጨውና በሚጥሚጣ ጠብሰን በላናቸው። ጉበቱን አያታችን ለእኔ እንዳደረገው ለሙሰዓብ አጎረስኩት። ሳጂዳ መጀመሪያ ለቆቆቹ አለቀሰችላቸው፤ ኋላ እጇ የሰው ድርሻ ላይ ተገኘ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አርቆ የሚያሳይ መነጽር ካገኘሽ ላኪልኝ፤ ልጁ ዓይኑን ማሠልጠን አለበት።

ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ወንድምሽ ኸይረዲን


ኩዌት፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባትም ወንድምም ለሆኑኝ ለጋሼ ኸይረዲን፣

ሰላምታዬ ጉልበትዎን ስሞ ይጀምር። ልጆቼን ከጥላዎ ሥር እንዳኖሩልኝ አላህ በማያልፈው ጥላው ያኑርዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሽንኩርት ስከትፍ ነው፤ ደግነቱ ለምን ታለቅሻለሽ ያለኝ የለም። ሳጂዳ ቆቅ ስትጠራ ታየችኝና ብቻዬን ስስቅ እመቤቲቱ ደግሞ ይቺ ልጅ ለየላት ብላ አየችኝ።

እዚህም ቤት አደን አለ። ጌትዬው ጭልፊት ያሳድጋሉ። ጭልፊቱ ከእኔ የሚሻል ክፍልና ከእኔ የሚሻል ማቀዝቀዣ አለው። እሱ ሲያመው ሐኪም ይመጣለታል፣ እኔ ሲያመኝ ፓናዶል ይወረወርልኛል። የመጨረሻው ልጃቸው አምስት ዓመቱ ነው፤ የቆዳ ጓንት አጥልቀውለት ወፉን ከእጁ ያስለቅቁታል። ልጁ ቤት ሲገባ ያደነውን ወፍ ይዞ ቀጥታ ወደ እኔ ማድቤት ነው የሚሮጠው። ያን ጊዜ ሙሰዓብ ይሆንብኛል።

ስለዚህ አደን መማሩን አልጠላሁትም። ቆቁም ጅግራውም ይሁን፤ የሚበሉትን ከየት እንደመጣ ይወቁ። ግን ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። የአያታችንን ምንሽር ጠመንጃ ልጄ እንዳይነካ፤ አሥር ዓመት ገና ልጅ ነው። ደግሞም በሳንቃ በር በኩል አይውሰዷቸው። እንዳለው የሚባለው የፓርኩ ጥበቃ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ነው፤ በዋልያ ጉዳይ የእናቱን ልጅ አይምርም። ሲታደንም ሲታረድም ቢስሚላው እንዳይዘነጋ፤ ልጅ ይረሳል።

መነጽሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ፌስታል ልኬያለሁ። ቀዩ ጫማ የሳጂዳ ነው።

አላህ እጅዎን አያሳጣን።

ታናሽዎ ነሲባ


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነሲባ፣

መጀመሪያ እልል በይ፣ ሰላምታው ኋላ ይደርሳል። ልጅሽ ገዳይ ሆነ!

ጨው ላደርስ ወደ ገጠር ስሄድ ልጆቹን አስከትዬ ነበር። በላክሽው መነጽር ሳማትር ከገደሉ አፋፍ ላይ ድኩላ ቆሞ አየሁ። ሙሰዓብ ምንሽሩን ድንጋይ ላይ አስደገፈ፣ አነጣጠረ፣ በአንድ ጥይት ጣለው። አዎ፣ ምንሽሩን አይንካ ብለሽ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። የጀግና ዘር በምክር አይመለስም።

ቤት ስንገባ ሰፈሩን ጠራሁ። ራሱን ቅቤ ቀባሁት፣ ቅቤው በጆሮው ላይ ሲወርድ ማየት ነበረብሽ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ እኔም እንደ ድሮው ፎከርኩለት። «ገዳይ ሙሰዓብ» ያላለ ሰው የለም። ሥጋውን ለእናታችን ሰደቃ አዋልኩት። ሽማግሌዎቹ «ልጅ የጣለውን እንዴት እንበላለን?» ብለው እጃቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ፣ «ብሉ፤ ቢስሚላህ ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ» አልኳቸው። በሉ፣ ለእናታችንም ዱዓ አደረጉ። በዚህ በኩል አሳብ አይግባሽ።

አንድ ትንሽ ነገር አለች። የልጁን ዕድሜ የሚጠይቅሽ ሰው ቢኖር ስምንት ነው በይ። የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው።

የገዳይ እናት፣ ደኅና ሁኚ።

ወንድምሽ ኸይረዲን


ኩዌት፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኸይረዲን፣

ሰላምታዬ ከደስታ ጋር ይድረስዎ። አባት የሌለው ልጅ ቅቤ ተቀብቶ ሲፎከርለት ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል? ማድቤቱን ዘግቼ እልል አልኩ። የቤቱ ልጆች እሳት የተነሣ መስሏቸው ሮጠው መጡ። ለእመቤቲቱም፣ ለሾፌሩም፣ ለአትክልተኛውም ነገርኩ። ዛሬ እናቴ ብትኖር አልኩ። ወንድም ማለት እርስዎ ነዎት።

ደስታዬ ሲበርድልኝ ግን አንዳንድ ነገር አላስተኛ አለኝ፤ እንደ ክፋት አይዩብኝ። ያ ምንሽር እርስዎንም ሲተኩሱ ወደ ኋላ ይገፈትርዎ ነበር። የልጄ ትከሻ ምን ሆነ? አብጧል? አላሹትም?

ስለ ቢስሚላውም ጌትዬውን ጠየቅኳቸው። «ጭልፊቱን የሚለቀው ነው ቢስሚላህ የሚለው፤ ሌላ ሰው አጠገቡ ቆሞ ቢልለት አይበቃም» አሉኝ። እኛም ቤት አባታችን ይህንኑ ሲል የሰማሁ ይመስለኛል። እርስዎ ከሙሰዓብ ጋር አብረው ብለው ይሆናል፣ ወይ እሱም ብሎ ይሆናል። እስቲ ይጻፉልኝ፤ የእናታችን ሰደቃ ነውና ልቤ እንዲያርፍ ነው።

ዕድሜውን ግን ለምን እንቀንሳለን? ለትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ዕድሜ ሲጨምር ነው የማውቀው። ሙሰዓብ አሥር ዓመቱ ነው። በምን ቀን እንደ ወለድኩት ወገቤ አይረሳውም።

በራሱ እጅ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ።

ታናሽዎ ነሲባ


ደባርቅ፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነሲባ፣

ዒድሽ የተባረከ ይሁን፤ ጾማችሁን ይቀበላችሁ። መልስ የዘገየው በረመዳን ሱቁ ፋታ ስላልሰጠኝ ነው።

ልጆቹ ደኅና ናቸው። ሙሰዓብ ትምህርት ስለ በዛበት አልጻፈም። ትከሻው ምንም አልሆነም። ስለ ቢስሚላው የኩዌት ጌታ አያስተምረኝም፤ እዚህም የተማረ ሰው አለ።

አሁን የምለምንሽን ሳትጠይቂ አድርጊልኝ። «ልጄ ሙሰዓብ ስምንት ዓመቱ ነው» የሚል ቃል በእናትነትሽ ጽፈሽ፣ በኤምባሲ ማኅተም አስመትተሽ ላኪ። ፈጥነሽ ላኪ። ለልጁ ስል ነው፤ ለእሱ የሚበጀውን ከአንቺ ይልቅ እኔ አጠገቡ ያለሁት አውቃለሁ።

ኸይረዲን


ኩዌት፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኸይረዲን፣

ሰላም የአላህ ነውና ሰላም ብያለሁ።

ፈይዛ ከደባርቅ መጣች። የጎረቤታችን የፈይዛ ነገር ታውቃለህ፤ ሻንጣዋን ሳታወርድ ወሬዋን ታወርዳለች። «ሙሰዓብ ከፖሊስ ጣቢያ ጉዳዩ አለቀለት ወይ?» አለችኝ። የምን ጣቢያ? አልኩ። እሷም የማውቅ መስሏት ነበርና ደነገጠች። ከዚያ በኋላ ቃል በቃል አስተፋኋት።

ድኩላ አይደለም፣ ዋልያ ነው። ገጠሩም ሳንቃ በር ሥር ነው። ያ ጥበቃ፣ እንዳለው፣ ከገደሉ አናት ላይ ሆኖ ተኩሱን ሰምቶ ቁልቁል ሲያይ አንድ ትልቅ ሰውና ሁለት ሕፃናት አይቷል፤ ፊት አልለየም እንጂ «ቁሙ!» ብሎ ጮኾባችኋል። ሰምተሃል። ሰምተህ ነው የሸሸኸው። እንደሚመጡብህ አውቀህ ነው ቤት እንደገባህ ሰፈሩን የጠራኸው። ፖሊሶች ቀንዱን ከጨው ጆንያ ሥር ሲያገኙት «እኔ ጨው ስሸጥ ነው ልጁ የተኮሰው፤ ሕፃን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ቅቤ ሲቀባ አይቷል» ብለህ ቃል ሰጠህ። ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በሕግ አይጠየቅም ሲባል ሰምተህ ደግሞ የልጄን ሁለት ዓመት እንድሰርቅልህ ላክህብኝ።

ዋልያ የገደለ ሰው ይደብቃል እንጂ ሰፈር ጠርቶ አይፎክርም። ድኩላ ነው ስትለኝ እንዴት አመንኩህ? እኔ ሞኟ ማድቤት ዘግቼ እልል ብያለሁ። ያ ቅቤ የልጄ ክብር መስሎኝ ለአትክልተኛው ሳይቀር አውርቻለሁ። ቅቤው ለካ የአንተ መደበቂያ ነው።

ሳጂዳ ለፈይዛ ምን እንዳለቻት ልንገርህ? «አጎቴ ሲተኩስ ሙሰዓብ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር» አለቻት። ጆሮውን በሁለት እጁ የያዘ ልጅ በየትኛው እጁ ተኮሰ?

ደግሞ ደብዳቤዬ የደረሰህ ከአደኑ በኋላ ነው አልክ። መነጽሩና ደብዳቤው አንድ ፌስታል ውስጥ ነበሩ፤ በመነጽሩ አይተህ ነው ያገኘኸው። አትውሰዳቸው ያልኩህን አንብበህ ነው የወሰድካቸው።

ለሽማግሌዎቹ «ቢስሚላህ ያልኩት እኔ ነኝ» ብለህ አበላሃቸው። ለጣቢያው «የተኮሰው ልጁ ነው» አልክ። የሚተኩሰው ነው ቢስሚላህ የሚለው፤ ይህን አንተም ታውቃለህ፣ እነሱም ስለሚያውቁ ነው እጃቸውን የዘረጉት። ወይ ገዳዩ አንተ ነህ፣ ወይ በእናታችን ሰደቃ በክት አብልተሃል። ሦስተኛ የለውም። አንዱን ምረጥና ሂደህ በራስህ አፍ ተናገር። ይህን ካደረግህ ጥፋትህ የዋልያ ብቻ ይሆናል፤ እኔም ወንድም ይኖረኛል።

ነሲባ


ደባርቅ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነሲባ፣

አንተ ብለሽ ጻፍሽልኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩሽ እህቴ አንተ አለችኝ። ይሁን፤ የአረብ አገር አየር ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

እስቲ ተረጋግተሽ አስቢ። እኔ ብገባ ዓመታት ነው። ሱቁን ማን ይከፍታል? ልጆችሽን ማን ያበላል? አንቺ ከኩዌት? ትተሻቸው የሄድሽው አንቺ፣ ያሳደግኳቸው እኔ፤ ዛሬ ጠባቂያቸው አንቺ ሆነሽ ከሳሻቸው እኔ ሆንኩ? ልጅ አይታሰርም። ይመከራል፣ ጠመንጃው ይወረሳል፣ ነገሩ ያበቃል። አንቺ ያቺን አንዲት ቃል ብትልኪ እስካሁን ባበቃ ነበር።

ግዳይ ለሰው መስጠት ደግሞ የቤታችን ወግ ነው። አያታችን የገደለውን ለእኔ ሰጥቶኝ ነው በልጅነቴ ገዳይ የተባልኩት። እኔም ለሙሰዓብ ሰጠሁ። ምን ነውር አለው? ልጁ ተከብሯል፤ በትምህርት ቤቱ ጓደኞቹ ከፊቱ አይቀድሙም።

የሽማግሌዎቹንም ነገር ጨርሼዋለሁ፣ በዚህ አትጨነቂ። ሙሰዓብን መስጊድ ይዤው ሄጄ በሸሁ ፊት «ስተኩስ ቢስሚላህ ብያለሁ፣ ወላሂ» ብሎ ምሏል። እነሱም «ልጁ ካለ በቂ ነው» ብለዋል። እንግዲህ በክትም የለ፣ ውሸትም የለ።

አርብ ስልክ ይሠራል ብለዋል። ደውዪና ከራሱ አፍ ስሚ።

ኸይረዲን


ኩዌት፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኸይረዲን፣

አርብ ደወልኩ። እንዳልከው ከራሱ አፍ ሰማሁ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» አለኝ፣ ገና ደኅና ነህ ወይ ሳልለው። «ቢስሚላህም ብያለሁ።» ድምፁ ጎርንኗል፤ አንተ ሱቅ ላይ ከደንበኛ ጋር ስትነጋገር ያለህን ድምፅ ይዟል። ቀስ ብዬ፣ እንደ ጨዋታ አድርጌ፣ «ስታነጣጥር የትኛውን ዓይንህን ጨፈንክ፣ ልጄ?» አልኩት። አንተም ከኋላው «ግራውን» ስትለው ሰማሁህ። ኔትወርኩ ያን ቀን ምን ያህል ጥርት ያለ እንደነበር አላወቅህም። «ግራውን» አለኝ ልጄ።

አያታችን ግዳይ ሰጠኝ ትላለህ። አያታችን ክብሩን ሰጠህ። አንተ ለልጄ ወንጀልህን ነው የሰጠኸው፣ በቅቤ አለስልሰህ። ልጆቼ የሚበሉት ሥጋ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ ብዬ እሺ አልኩህ፤ አንተ ግን ውሸት ከየት እንደሚመጣ ነው ያሳየሃቸው። መስጊድ ወስደህ አስማልከው! ዋልያውስ ይሁን፣ አንድ ፍጡር ነው፣ ሞቷል። የአሥር ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ያስገባኸውን ወላሂ እኔ በምን ጎትቼ ላውጣው?

ትታቸው ሄደች ትላለህ። አዎ ሄጃለሁ። ለማንም አልተውኳቸውም፣ ለአንተ ነው የተውኳቸው። ሌላ ሰው ቢያደርገው ሰው ነው ብዬ አልቅሼ እተወው ነበር። ከአንተ በላይ የማምነው ሰው ስላልነበረኝ ነው ልቤ እንዲህ የተሰበረው።

ያደረግሁትን ደግሞ ከሰው ከምትሰማ ከእኔ ስማ። ኤምባሲ ሄጄ የልጄን ዕድሜ አሥር ብዬ አስመዝግቤያለሁ። እየፈራሁ ነው ያደረግሁት፤ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ በሕግ እንደሚጠየቅ ነግረውኛል። በዚያው ቀን ግን ለእንዳለው ደወልኩለት። «ልጄን ተወውና ሽማግሌዎቹን ጠይቃቸው» አልኩት። «በሰደቃው ቀን ቢስሚላህ ያልኩት እኔ ነኝ ብሎ ያበላቸው ማን እንደሆነ ጠይቃቸው። የልጁ መሐላ ከበሉ በኋላ የመጣ ነው፤ ሥጋው በጉሮሯቸው የወረደው ግን በማን ቃል እንደሆነ አይረሱም፤ በሃይማኖታቸው ይናገራሉ።» ሰምቶኝ ሲያበቃ «ወንድምሽ ነው እኮ፣ ነሲባ» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። እንግዲህ ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ሳይመጡብህ አይቀሩም። እህቴ አሳልፋ ሰጠችኝ ብትል አልክድህም። ከልጄና ከአንተ አንዱን እንድመርጥ ያደረግኸኝ ግን ራስህ ነህ።

የቤቱን ሰዎች ተሰናብቻለሁ። በዚህ ወር መጨረሻ ደባርቅ እገባለሁ። እስከዚያ ልጆቹ በፈይዛ እናት ዘንድ ይሁኑ፤ ተነጋግረን ጨርሰናል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ስልኩ ሊቋረጥ ሲል ሙሰዓብ «እማዬ፣ ደስ አላለሽም እንዴ?» አለኝ። ድምፁ ያኔ የራሱ ነበር፤ ቀጭን፣ የአሥር ዓመት ድምፅ። እኔም፣ ልጄን ከወለድኩት ጀምሮ ዋሽቼው የማላውቅ እናቱ፣ «በጣም ደስ ብሎኛል፣ የኔ ጀግና» አልኩት።

ሌላውን ሁሉ አላህ ይቅር ይበልህ። ያቺን ቃል ከአፌ ማስወጣትህን ግን አፉ አልልህም።

ነሲባ